የዓምደ ሚካኤል ሪሞት

የመኪናዋ ሪሞት ማክሰኞ ማታ ድምፁ ጠፋ። አንዳርጋቸው አሮጌዋን መኪና ግቢ አስገብቶ ሪሞቱን ቢጫን ቢጫን ዝም አለች። ማህሌት በረንዳው ላይ ቆማ በእጇ ምልክት ሰጠችው፦ እንደገና። ተጫነ። ምንም የለም። በመጨረሻ የመኪናዋን በር በቁልፉ ቆልፎ ገባ።

ሌላ ቤት ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ያረጀች መኪና ሪሞቷ ቢበላሽ ማንን ይገርማል? እዚህ ቤት ግን ያ ድምፅ ሥራ ነበረው።

የማህሌት ባል ዓምደ ሚካኤል ከፋብሪካ ሲመለስ መኪናዋን ሁለቴ ጢጥ ጢጥ ያደርጋት ነበር። ለእናቱ ብሎ ነው። ዐይናቸው የጠፋው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ሳሎን ጥግ ተቀምጠው «ዓምዴ ገባ» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ራት ይቀርባል።

ዓምደ ሚካኤል አዲስ አበባ ለሕክምና ሄዶ ሞተ። አስከሬኑ መጥቶ መራዊ ሲቀበር እናቱ ዘጌ፣ ጸበል ላይ ነበሩ። የልብ ሕመም አለባቸው። ሐኪሙ መድኃኒቱ እስኪይዛቸው ድረስ ድንጋጤ እንዳይነካቸው አስጠነቀቀ። ስለዚህ መርዶው ቆየ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደ ታናሽ ወንድሙ ወደ አንዳርጋቸው ቤት ተመራ።

ማህሌት ጥቁር ለበሰች፤ አማቷ አያዩም። ፀጉሯንም ተቆረጠች። እማማ ድሮ ራሷን እየዳበሱ ነበር የሚመርቋት። ከጸበል ከተመለሱ ወዲህ ግን እጃቸውን ወደ ራሷ አይሰዱም፤ እሷም እፎይ አለች። ነጠላቸውን አንዳንዴ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ይለብሱታል። ማህሌት ታዞርላቸዋለች።

ማታ ማታ አንዳርጋቸው በወንድሙ መኪና፣ የወንድሙን ጫማ አድርጎ ይመጣል። ጫማው ተረከዙ ላይ ብረት አለበት፤ ሲሚንቶው ላይ ቋ ቋ ይላል። ለእሱ ይጠበዋል። ቁልፉን እንደ ወንድሙ፣ እናቱ ምስር ከሚለቅሙባት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል። ምስሩን በጣታቸው ነው የሚለቅሙት፤ አንዲት ጠጠር አታመልጣቸውም። ከዚያ ድምፁን ወፈር አድርጎ «ደኅና አመሻችሁ» ይልና ደክሞኛል ብሎ ወደ ውስጥ ያልፋል። በጓሮ በር በነጠላ ጫማ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማለዳ እናቱ ሳይነሡ መጥቶ ጫማውንና መኪናዋን ይወስዳል።

«ደክሞህ መጣህ ልጄ» ይሉታል እናቱ። አንድ ምሽት ደግሞ «እግርህን አመመህ እንዴ?» አሉት። ማህሌት ቀድማ፣ ፋብሪካው ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቆም እንደሆነ አስረዳች።

ማክሰኞ ማታም ሳትጠየቅ አስረዳች። ሪሞቱ ተበላሽቷል፣ ነገ ይሠራል አለች።

«ተያት ልጄ» አሉ እማማ። «ደክሟታል፤ ትረፍ።»

ማህሌት ግን አልተወችም። ዝምታው ጥያቄ ያመጣል፣ ጥያቄውም መርዶውን ያመጣል ብላ ፈራች።

ረቡዕ መኪናዋን ይዛ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ወደ ሰላሁዲን የጥገና ሱቅ ሄደች። ሰላሁዲን ሪሞቱን ፈልቅቆ ከፈተ። የዛገውን አጸዳ፣ ያለቀውን የቁልፍ ላስቲክ ቀየረ፣ አዲስ ባትሪ አስገባ። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን አብርቶ አጠፋ፣ በሩን ከፍቶ ዘጋ። ሪሞትና መኪና ሲራራቁ እንዲህ ነው የሚያስታርቋቸው አለ። ጢጥ ጢጥ አለች።

ያን ማታ ድምፁ ተሰማ። እማማ ራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ሐሙስ ማታ እንደገና ዝም አለ። በማግስቱ ሰላሁዲን ሲከፍተው ውስጡ ባዶ ነው። ባትሪው የለም። ማህሌት ክዳኑን ልል አድርገህ ገጥመኸው ወድቆ ነው ብላ ተቆጣች።

«በጥፍር ካልተፈለቀቀ አይከፈትም እህቴ» አለ ሰላሁዲን። «አይጥ ነው እንዳልል፣ ክዳኑን መልሶ የሚገጥም አይጥ አይቼ አላውቅም።»

ሌላ ባትሪ አስገባና ክዳኑን ራሷ እንድትገጥመው ሰጣት። ቤት ውስጥ ማን እንደሚነካው እንድታይም መከራት። ማህሌት መንገዱን ሁሉ ስታስብ ሄደች። ቁልፉን የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። መርዶው ይነገር ብሎ ከመጀመሪያው የተከራከረውም እሱ ነው።

ዐርብ ማታ ሪሞቱ ሠራ። ቅዳሜ ማታ ዝም አለ። ማህሌት ወደ ግቢው ወርዳ ከአንዳርጋቸው እጅ ነጥቃ በጥፍሯ ከፈተችው። ባዶ ነው።

«ሰልችቶህ ነው አይደል?» አለችው በሹክሹክታ። «እናትህን ልትገድላቸው ነው።»

«ሰልችቶኛል» አለ አንዳርጋቸው። «በሟች ጫማ መግባት ሰልችቶኛል። ትናንት ሐይቁ ዳር አቆምሁና ጫማውን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ባትሪውን ግን አልነካሁም፣ እታለም። የወንድሜን አፈር።»

አላመነችውም። ከዛሬ ጀምሮ አላይህ አለችው። ጫማውን አውልቆ መኪናዋ ጎማ አጠገብ ተወውና በካልሲው ከግቢው ወጣ።

ያን ማታ ቋ ቋ የሚል የለም። ደኅና አመሻችሁ የሚልም የለም። ማህሌት ጥያቄውን ጠበቀች። እማማ ምንም አልጠየቁም። ራታቸውን እስከ መጨረሻው በሉ።

እሑድ ጠዋት የኔ ቢጤ በር ላይ ቆሞ በማርያም ስም ለመነ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ለማህሌት ዘረጉላት። ከሱ ፈትታ እንድትሰጥላቸው ነገሯት።

ማህሌት ፈታችው። ከሳንቲሞቹ ጋር ሁለት ክብ ባትሪዎች መዳፏ ላይ ወደቁ።

«ሳንቲሙን ስጪውና አንዳርጋቸውን ጥሪልኝ» አሉ እማማ። «በገዛ ጫማው ይምጣ።»