ኮፈኑ ስር

በዛምቢያዋ የንዶላ ከተማ፣ ሽማግሌው መካኒክ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህለውን ማይክሮፎን ከሚኒባሷ ሞተር አጠገብ ሰክቶ መፍቻ ሊያመጣ ወደ መጋዘኑ ገባ። የሞተሩ ድምፅ ያለ ሽቦ ተከትሎት በጆሮዎቹ የመስሚያ መሣሪያዎች ውስጥ ያጉረመርም ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከጩኸቱ ሥር አንድ ቀጭን ሲጥሲጥታ ሰማ።

ወዲያው የሾፌሩ ድምፅ ገባ፤ ኮፈኑ ስር አጎንብሶ ወያላውን ያማክራል። «ደንቆሮ ደግሞ ሞተር ያዳምጣል? ሳይመለስ ይዘናት እንሂድ!»

መካኒኩ መፍቻውን አነሳ። «የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው!» አለ ከመጋዘኑ ሳይወጣ። «መሄድ ከፈለጋችሁ ማይክሮፎኔን ነቅላችሁ ሂዱ። መንገድ ላይ ስትፈላባችሁ ስድባችሁን መስማት አልፈልግም!»

ወያላው በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ወደ ማይክሮፎኗ ጠጋ ብሎ፣ አባቱን በሚጠራበት ቃል፣ በሹክሹክታ፣ «ይቅርታ፣ ባታታ» አለ።

ሽማግሌው ደረቱን ነፍቶ ወጣ።