መልካምና ክቡር

የወይኑ ብልቃጥ ዲያቆኑ ዊሳ እጅ ሲገባ መምህር ፋልታኦስ አሽትቶ ጨርሷል። አሸተተ ከተባለ ነው እንጂ፣ ትንፋሹን እንኳ ሳይስብ እንደ ሁልጊዜው «መልካምና ክቡር» ብሎ አሳለፈው። ሳምንቱን በጉንፋን የከረሙት ቄሱ፣ አቡና ባኩም፣ አፍንጫቸው አልሠራ ስላለ ዲያቆናቱን አምነው ቆመዋል።

የመሥዋዕቱ ወይን አለመሆምጠጡ እንዲታወቅ ከቅዳሴው በፊት ይሸተታል። ሆምጣጤ ከሆነ ለጽዋው አይሆንም። ዊሳ ግን በልጅነቱ ዲያቆን ከሆነ ጀምሮ፣ ከነዚያ ሁለት ቃላት ሌላ መልስ የሰጠ ሰው አላየም።

አሸተተ። አፉን ምራቅ ሞላው፤ ወዲያው ደግሞ የገዛ ምራቁ ቀፈፈው። መጠጥ ከተወ ዓመት አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አያውቅም። ያ የመጨረሻው ቀን መጣበት። ከሸንኮራ አገዳው ማሳ ሥር፣ ቦዩ ውስጥ ተዘርሮ፣ አገጩ ላይ የረጋውን ትውከት ውሻ ሲልስለት፣ እሱ እህቱ ደሚያና የምትጠርገው መስሎት «እግዜር ይስጥሽ» ይላል። እግዜር ይስጥሽ፣ ለውሻ። መንደሩ ይህን እያነሳ ስንት ጊዜ ስቋል።

ከዚህ ሁሉ ሥር ግን ሌላ ሽታ አለ። ስል ነው፤ አፍንጫ ውስጥ እንደ መርፌ ይገባል።

ሆምጥጧል ልበል? ዛሬ ነጩን ቀሚስ መልሶ የለበሰበት የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ደሚያና በሴቶቹ በኩል ፊት ቆማ፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም። ደግሞስ ለእሱ ወይን ሁሉ ትውከት ትውከት አይደል የሚሸተው? ክፉው ነገር ያለው ብልቃጡ ውስጥ ይሁን እሱ ውስጥ፣ በምን ያውቃል? ሁለት ቃል ተናግሮ መገላገል ይችላል።

«አባታችን፣ ይሄ ሆምጥጧል» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

መምህር ፋልታኦስ ከንፈሩን አጣመመ። «አንተ ካልክማ ማን ይከራከርሃል። አፍንጫህ የተማረበትን ትምህርት ቤት አገር ያውቀዋል።»

ከጎናቸው መብራት የያዘው ዲያቆን ሳቁን ለመዋጥ አንገቱን ደፋ። አቡና ባኩም አልሳቁም። ከቀበቷቸው ቁልፍ ፈተው ለዊሳ ዘረጉለት።

«ዕቃ ቤቱን ታውቀዋለህ፣ ልጄ። እያሸተትክ ደህናውን አምጣልን።»

ዊሳ፣ ሌላ ሰው ይላኩ፣ እኔን ከወይን ጋር ብቻዬን አይተዉኝ ሊላቸው ፈለገ። ግን እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ተቀበለ።

ዕቃ ቤቱ አይጥ አይጥ ይሸታል። በመደርደሪያው ላይ አቡና በገዛ እጃቸው ከዘቢብ የጨመቁት ወይን፣ አፉ በጨርቅ ታስሮ ተደርድሯል። የመጀመሪያውን ፈታ፤ ላዩ ላይ የሻገተ ስስ ቆዳ ተንሳፍፎ ሲያይ መልሶ አሰረው። ሁለተኛውን ፈታ። ይህኛው ምንም አልሆነም። ጣፋጭ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ዘቢብ ዘቢብ ይላል። ከሁሉ የከፋውም ይኸው ነበር። ከንፈሩ እንደ ጥጃ ከንፈር ወደ ፊት ሄደ፤ መሄዱንም ያወቀው ሲመልሰው ነው።

ጠርሙሱን ሲያቃና አንዲት ጠብታ ከአንገቱ ወርዳ አመልካች ጣቱ ላይ ቆመች።

ጠብታ ናት፣ አለው ያ የሚያውቀው ድምፅ፤ የድሮ የመጠጥ ጓደኛ ዓይነት ለስላሳ። ነጭ ቀሚስ ላይ ከምትጠርጋት ብትልሳት አይሻልም? ደግሞ ማነኝ ብለህ ነው? ትውከት ላይ ነጭ ጨርቅ ቢያለብሱት ዲያቆን ይሆናል?

የመጀመሪያውን ሊከራከረው ይችል ነበር። ሁለተኛውን ግን አመነው። ጣቱ ወደ ከንፈሩ ተነሳ።

ከግድግዳው ወዲያ ሕዝቡ ዊሳ እስኪመለስ መጠበቅ ሰልችቶት ኪርያላይሶን ማለት ጀመረ። የአሮጊቶቹ ድምፅ ተሰነጣጥቋል፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል፤ ያልቃል ሲሉት ደግሞ እንደ አዲስ ይነሳል። የደሚያና ወፍራም ድምፅ ከሁሉም አንድ እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል። ዊሳ ጣቱን አፉ ዘንድ እንዳደረሰ ሰማ። ንጹሕ ሰው ማረን ማረን እያለ እንዲህ አይነተርክም፣ ብሎ አሰበ።

«አዎ፣ ትውከቱ ነኝ» አለው ለዚያ ድምፅ። «ነኝ። ጌታዬ ኢየሱስ ሆይ፣ ማረኝ።»

ጣቱን ከፊቱ አራቀ፤ የሞተ አይጥ በጅራቷ እንደያዘ ሰው፣ ክንዱን ዘርግቶ። በሌላው እጁ ጠርሙሱን አቅፎ ወጣ።

አቡና ባኩም አዲሱን ወይን በንጹሕ ብልቃጥ ቀድተው አዞሩት። መምህር ፋልታኦስ በዚህኛው ጊዜ ትንፋሹን ሳበ፤ ረዘም አድርጎ ሳበ፤ ከዚያ ወደ ዊሳ ሳያይ «መልካምና ክቡር» አለ። ዊሳም አሸተተ። አፉን ዳግመኛ ምራቅ ሞላው። በሚመጣው እሁድም ይሞላዋል።

«መልካምና ክቡር።»

ጠብታዋ መጥረጊያ አጥታ ጣቱ ላይ እንዳለች ናት፤ ደርቃ መጣበቅ ጀምራለች። በመስኮቱ አንድ ዝንብ ገባ። ዞሮ ዞሮ ጣቱ ላይ አረፈ፣ እግሮቹን አፋተገ፣ አፉንም አወረደ። ዊሳ አላባረረውም። ከንፈሩን ግጥም አድርጎ፣ ሲጠጣ ያየው ጀመር።