ኮስታራዋ ስላይድ

ገዢው አጉሊ መነጽሩን ሲደቅን ዓይኑ የድስት ክዳን አከለች። የሟቹን ፎቶ አንሺ ስላይዶች፣ ብርሃን የሚያሳልፉትን የፊልም ቁራጮች፣ በመስኮቱ ብርሃን ሲያገላብጥ ቆየና አሥራ ሁለቱን ነጠለ። በሁሉም ላይ ያለችው ያችው አንዲት ወጣት ናት፤ ዛሬ አርጅታ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው የሟቹ ሚስት። በአንዱ ላይ አገር እንደምታስተዳድር ሰው ኮስተር ብላለች፤ በአሥራ አንዱ ግን በሳቅ ፍርስ ብላለች።

«እማማ፣ ይቺ ኮስታራዋ ከዚህ ኪራይ ቤት አውጥታ የራስዎ ቤት ታስገባዎታለች» አለና መቀስ አቀበላት። «ግን ብቻዋን ስትሆን ነው። ብጤ ካላት ማን ይገዛታል? እነዚያን ይቆራርጧቸው።»

«በምን እንዳሳቀኝ ታውቃለህ? ‹አንበሳ በካሜራዬ ፍላሽ አባርሬያለሁ› እያለ ነዋ! ድመት ስታልፍ ወንበር ላይ የሚወጣ ሰውዬ!»

«ነፍሳቸውን ይማር። ይቁረጡ እንጂ።»

ባልቴቷ መቀሱን ከፈተችና ኮስታራዋን መሐል ለመሐል ቆረጠቻት።

ገዢው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ምን ነካዎት እማማ! ቤትዎን እኮ ነው የቆረጡት!»

«ያን ቀን ተኳርፈን ነበር» አለች፣ አሥራ አንዱን ወደ ሳጥናቸው እየመለሰች። «አሁን ታረቅን።»