ገንዘቤን የበላችው

የባሌን እህት አልጋነሽን ካኮረፍኳት ስምንት ዓመት ሆነኝ። ወፍጮ ቤት ልከፍትበት ያጠራቀምኩትን ስልሳ ሺህ ብር እንደበላችብኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያወራሁትም እኔው ነኝ።

ባለፈው እሁድ የእድራችን ሊቀመንበር አንድ ሱፍ የለበሰ የገንዘብ አማካሪ ይዘው መጡ።

"የእድሩን ገንዘብ ብትሰጡኝ በዓመት እጥፍ አደርግላችኋለሁ" አለ። ሰው አጨበጨበ። አልጋነሽ ብቻ ተነሳች።

"እስቲ መጀመሪያ ፈቃድዎን ያሳዩን። ገንዘባችንስ በማን ስም ነው የሚቀመጠው?"

"አንቺ ደግሞ ስለ ሰው ገንዘብ ታወሪያለሽ?" አለቻት ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት። "መጀመሪያ የወንድምሽን ሚስት ብር መልሺ!"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አልጋነሽ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ ወደ እኔ እንኳ አላየችም። አማካሪው ግን አየኝ፤ አየኝና ፈገግ አለ።

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

"እሷ አልበላችብኝም" አልኩ። "ተሞኘሁ ማለት አፍሬ ነው ስሟን ያጠፋሁት። አትስጪ ብላ በሩ ላይ ቆማ ለምናኝ ነበር። እሷን ገፍትሬ ወጥቼ ብሬን በገዛ እጄ የሰጠሁት ለዚህ ሰውዬ ነው።"