እናቴ እንዳትሰማ

ኢንሄ ከሴኡል ለቃ ወደ ትውልድ መንደሯ ወደ ጎሁንግ የተመለሰችው እናቷ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ነው። የያዘችው ዕቃ ጥቂት ነበር። ማይክሮፎኗን ግን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ነው የመጣችው።

ፖድካስቷ «እናቴ እንዳትሰማ» ይባላል። በየሳምንቱ ስለ አንዲት ክፉ እናት ታወራለች፤ የዶሮውን እግር ለራሷ ስለምታስቀር፣ የልጇን ደብተር ምድጃ ውስጥ ስለምትማግድ እናት። ሴኡል ውስጥ ባቡር ላይ ብቻዋን የምትስቅ ሴት ከታየች ኢንሄን እየሰማች ነው ይባል ነበር። ከምታወራው ግማሹ የተጋነነ ነው። ሌላው ግማሽ ጭራሽ አልሆነም።

እናቷ ቦንሱን ፊደል አልቆጠረችም። ስልኳም የሚታጠፈው ዓይነት ነው፤ ከመደወል በቀር ሌላ ሙያ የለውም።

«በዚያ ነገር ስለ ምንድን ነው የምታወሪው?» ብላ አንድ ጊዜ ጠይቃት ነበር።

«ስለ መጻሕፍት» አለች ኢንሄ።

«ተባረኪ» አለች እናቷ።

ከሰዓት በኋላ ቦንሱን አሮጌ የሕፃን ጋሪዋን ተደግፋ እየገፋች ወደ መንደሩ አዳራሽ ትሄዳለች። እዚያ ከሴቶቹ ጋር ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ይጫወታሉ። ቤቱ ጭር ሲል ኢንሄ ማይክሮፎኗን ታወጣለች። ነገር ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእናቷ ሹራብ ፊት ለፊት ያያታል። አፏ አልከፈት ይላታል። ስለዚህ ስለ ባሕሩ ታወራለች፤ ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ዓሣ ጀልባዎቹ።

አድማጮቿ አልወደዱላትም።

«ባሕሩ እንቅልፌን አመጣው» ሲል አንዱ ጻፈ። ሌላዋ፣ «ይቺ ማናት? የሴኡሏን ኢንሄ መልሱልን» አለች። ከአሰራጩ ድርጅት የተደወለላት ስልክ አጭር ነበር፦ እስከ ጸደይ ድረስ ሰው ካልተመለሰ ፕሮግራሙ ይዘጋል። ኢንሄ ሌላ ሥራ አታውቅም።

«ፊትሽ ጠቁሯል» አለቻት እናቷ ራት ላይ።

«ሰው መስማት ትቷል፣ እማዬ።»

«ምን ጎደለው?»

«እኔ እንጃ። ሰው ክፉ ወሬ ነው የሚወደው።»

እናቷ ከዓሣው ሆድ በኩል ያለውን ለስላሳ ሥጋ ለይታ በኢንሄ ሩዝ ላይ አስቀመጠችላት። «በዪ» አለቻት።

በሳምንቱ «ትርንጎ» በሚል ስም አንድ መልእክት መጣ። «ያቺ ክፉ እናት የት ገባች? አውቶቡስ ፌርማታው ላይ፣ በሰው ፊት በጥፊ ያጮለችሽን ቀን ለምን አትነግሪንም?»

ኢንሄ መልእክቱን ደግማ አነበበችው። ይሄኛው እውነት ነው። ለማንም ተናግራው አታውቅም። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ወደ ሴኡል ልትጠፋ ስትል የሆነ ነው። ፌርማታው አጠገብ ያለችው አንዲት ሱቅ ብቻ ናት፤ እትዬ ማልጃ በማር የተዘፈዘፈ ትርንጎ የሚሸጡባት። ያን ቀን እትዬ ማልጃ በራፋቸው ላይ ቆመው ነበር።

ሦስት ቀን ታገሠች። በአራተኛው ሹራቡን ወደ ግድግዳው አዙራ ተናገረችው።

«ኢንሄ ተመለሰች!» ብለው ጻፉላት። «ጎሁንግ ተስማምቶሻል፣ እንዳትነቃነቂ።»

ትርንጎም አላረፈም። ለምረቃሽ ሳትመጣ የቀረችውን አውሪልን አለ። ያንንም አወራች። ሰው ፊት «ሸክሜ» ብላ የጠራችሽን አለ። ያንንም። ሁሉም እውነት ነበር። ሰሚው በዛ፤ ኢንሄ ግን ራት ላይ ቀና ብላ እናቷን ማየት አቃታት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እትዬ ማልጃ ደጁ ላይ ያዙአት።

«ሥራ እንዴት ነው፣ የሴኡል ሰው?»

«ደህና ነው፣ እትዬ።»

«ደህና መሆኑንማ ሰምቻለሁ» አሉ ማልጃ። «እናትሽ ጥሩ ሴት ናት። ታውቂያለሽ አይደል?»

ኢንሄ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ማልጃ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ፕሮግራሙ ቢዘጋ ይዘጋ። እናቷ ግን ከዚያች ሴት አፍ ከሰማች፣ ያቺን ቀን ኢንሄ በምን ፊቷ ትቆማለች? በነጋታው አንድ ሣጥን ፖም ገዝታ ወደ ሱቁ ወረደች። ተዘግቷል።

«ማልጃን ነው?» አሏት መንገድ ላይ የባሕር ሣር የሚያሰጡ ሴትዮ። «አዳራሽ ናት። ኧረ ለእኔም አንድ ጣል አድርጊ፣ ጥርስ የላትም ያለሽ ማን ነው!»

አንድ ሰጥታቸው አለፈች። አዳራሹ በር ላይ ጫማና የሕፃን ጋሪ ተኮልኩሏል። ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያወለቀች የምትለውን ታጠናለች፦ እትዬ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ እኔን እንደ ፈለጉ ይስደቡኝ፣ ለእናቴ ብቻ እንዳይነግሯት።

ከመዝጊያው ጀርባ የማልጃ ድምፅ ተሰማ። ተቆጥተዋል።

«ይሄን ግን በስልኬ አልጽፍም! እኔ እዚያው ነበርኩ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም። ነገ ጸሎት ላይ በምን ዓይኔ ልቁም?»

«እውነተኛው አልቋል» አለች የኢንሄ እናት። «ዝም ብለሽ ጻፊ።»