የጫኔ ፉርኖ

የመናዊው ዳቦ ጋጋሪ ሷሊህ ትኩሱን ፉርኖ ከጨርቅ ፈትቶ በሥራ ፈቃድ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ጠዋት፣ "ጋሼ፣ የዛሬውን እኔ ልጋግረው፤ ለአገሬው ሰው ሙያ ማስተማርዎን ካዩ ፈቃድዎን ያድሱልዎታል" ያለው፣ ሷሊህ እንደ ልጁ አቅፎ ሙያ ያስያዘው ጫኔ ነበር። አሁንም አጠገቡ ቆሟል።

ሹሙ ቆርሶ ቀመሰ። "እጅዎ ይባረክ!"

"የኔ አይደለም፤ የሱ እጅ ነው" አለ ሷሊህ አፉን ሞልቶ፣ የጫኔን ትከሻ መታ መታ እያደረገ።

ሹሙ ማኘኩን ተወ። "ሙያውን የሚያውቅ ዜጋ ካለማ ለውጭ አገር ሰው ፈቃድ አይታደስም። ሕጉ እንደዚያ ነው።"

ሷሊህ ክው ብሎ ወደ ጫኔ ዞረ። "ምነው ጫኔ? አንድ ነገር በላቸው እንጂ!"

ጫኔ ግን አልደነገጠም። መዳፉን ዘረጋለት።

"ጋሼ፣ የዳቦ ቤቱን ቁልፍ እዚሁ ይስጡኝ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቀኛል።"