የሸዋረጋ ጽጌረዳ

«ቀስ እያላችሁ! በሩ ላይ ያለው ድንጋይ ያዳልጣል» አለች አስጎብኚዋ ሃኒ፣ የእጅ ባትሪዋን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ። እንግዶቹ አንድ በአንድ ወደ ሀናን ግቢ ገቡ። ሸዋረጋ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ ከሁሉም ኋላ ነበረች።

ቤቷን ከዚህ ግቢ የሚለየው አንድ ግንብ ነው። እንዲያም ሆኖ በዚህ በር ገብታ አታውቅም።

በየመስከረሙ ዝናቡ ሲያባራ፣ የሰፈሩ ወጣቶች አበባ ያማረባቸውን ግቢዎች ምሽት ምሽት ያስጎበኛሉ። ሰው ከሲ.ኤም.ሲም ከመገናኛም ይመጣል። ዘንድሮ ታዲያ በሸዋረጋ መስኮት ሥር የሚያልፈው ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ነበር። «የሀናንን ግንብ አያችሁት?» ይባባላሉ። ሸዋረጋ ይህን በሰማች ቁጥር መስኮቷን ትዘጋለች።

በሁለቱ ግቢ ድንበር ላይ ያለውን ሐረግ ጽጌረዳ የተከለችው እሷ ናት። ባሏ ሣህሌ በሕይወት ሳለ ችግኙን ከእንጦጦ አምጥቶላት፣ አብረው ከአጥሩ ሥር ተከሉት። ሲያብብ እንደ ባዘቶ ይነጣ ነበር። በኋላ ሾላ ገበያ ሱቅ ያላቸው ሀናንና ባሏ ጎረቤት ሆነው መጡና፣ የወላለቀውን አጥር አንሥተው ግንብ አስገነቡ። ግንቡ በሚሠራበት ሰሞን ሸዋረጋ የመጋዝ ድምፅ ሰማች። ከዚያ ወዲህ በእሷ በኩል ግንድና እሾህ እንጂ አበባ አልታየም። ግንቡን ተሻግሮ የሄደውን ሐረግ እየቆረጡ የሚጥሉት መሰላት። ጠይቃ አላረጋገጠችም። ሰላምታዋን ብቻ አቋረጠች፤ ሀናን ለኢድ የላከችላትን ሳህን እንኳ ክዳኑን ሳትከፍት መለሰች።

ዛሬ የመጣችው የተቆረጠውን ጫፍ በዓይኗ አይታ፣ በእንግዶቹ ፊት ልትናገር ነው።

ግቢው ጠባብ ነው፤ በቀለም ጣሳና በአሮጌ በርሜል የተተከሉ ቀያይ አበቦች ግራና ቀኙን ይዘውታል። ሃኒ «አሁን ወደዚህ ዙሩልኝ» አለች። ሀናን አምፖሉን አበራችው።

 ግንቡ አይታይም፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ አበባ ብቻ ነው። ዘለላው በዘለላ ላይ ተደራርቦ፣ ከክብደቱ የተነሣ ወደ መሬት አጎንብሷል። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ወጣት ስልኳን ልታነሣ ጀምራ ረሳችው።

 የሸዋረጋ ዓይን የተቆረጠ ጫፍ ፈለገ፤ አጣ። ያገኘው ሌላ ነገር ነበር። ግንቡ፣ በእሷ በኩል እሾሁ በሸፈነው አንድ ቦታ ላይ፣ ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ሐረጉ በዚያ ሲሻገር ሲሚንቶው እንዳይልጠው ከሥሩ ጆንያ ተነጥፎለታል።

«እንዴት ብትንከባከቢው ነው የኔ ልጅ?» አሏት ሽማግሌው ሀናንን።

ሀናን አፈረች። «የኔ አይደለም አባባ። ሥሩ ከዚያ ማዶ ነው፤ የጎረቤቴ የእትዬ ሸዋረጋ ነው። ግንበኛው ይቆረጥ ሲል ባለቤቴ ‹ሰው ደክሞ ያሳደገውን አልነካም› አለና እዚያ ጋ ዝቅ አድርገን አሠራነው። የኛ ሥራ መደገፍ ብቻ ነው።»

«መጋዙስ ታዲያ?»

ቃሉ ከሸዋረጋ አፍ ሳታስበው አመለጠ። ሰው ሁሉ ዞረ። ነጠላዋ ከራሷ ወደ ትከሻዋ ወርዷል።

«እትዬ!» አለች ሀናን ደንግጣ። «የምን መጋዝ?»

«ግንቡ ሲሠራ… የሰማሁት።»

ሀናን ግንቡን ቀና ብላ አየች። «እሱማ ለግንበኞቹ መወጣጫ የሚሆነውን ባሕር ዛፍ ሲቆርጡ ይሆናል።»

 ሀናን ቀረብ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በእርስዎ በኩልማ ከዚህም ይበልጥ ያምር ይሆናል። ልጆቼን ‹ይሄ የተረፈው ነው፤ ዋናው እዚያ ነው› እላቸዋለሁ።»

ሸዋረጋ መዋሸት ትችል ነበር። ሰው ሁሉ ያምናት ነበር።

«ግንድና እሾህ ነው» አለች ሸዋረጋ። «አንዲትም አበባ የለኝም።» ስትናገረው ነው የገባት፤ በዚያው ሰሞን ከጓሮዋ ጀርባ አንድ ፎቅ ተነሥቶ ግቢዋን ጥላ አልብሶታል። «ፀሐይ ፍለጋ ነው ለካ ወደ አንቺ የመጣው።»

«አንዲትም? እስከ ዛሬ?» ሀናን አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ፈጥና ከመስኮቱ ላይ መቀስ አነሣችና ትልቁን ዘለላ ጎትታ ያዘች። «እቅፍ ሙሉ ይዘው ነው የሚሄዱት!»

«ተይ!» ሸዋረጋ እጇን ቀብ አድርጋ ያዘቻት። «አይቆረጥ። እዚሁ እየመጣሁ አየዋለሁ።»

ሀናን መቀሱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ይምጡ እንጂ እትዬ። በሩ ክፍት ነው።»

ሃኒ ቀጣዩ ግቢ ከዳገቱ ላይ እንደሆነ ተናግራ እንግዶቿን ይዛ ወጣች። «እማማ ሸዋረጋ፣ አይመጡም?» ብላ ከበሩ ተጣራች።

«እኔ እዚሁ ነኝ፤ ሂዱ።»

ሀናን ሁለት ዱካ አምጥታ ፊት ለፊቱ አስቀመጠች። ተቀመጡ። የእንግዶቹ ድምፅ ሽቅብ እየራቀ ሄደ።

«እትዬ፣ አምፖሉን ላጥፋው? እኔ የምወደው ያለ መብራት ነው።»

«አጥፊው።»

መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ሆነ። ቆይቶ አንዲት አበባ ታየች፤ ቀጥሎ ከጎኗ ሌላ፤ ከዚያ ግንቡ በሙሉ ከጨለማው ውስጥ ቀስ እያለ ነጥቶ ወጣ።